አውራ ጣት የበዛበት ፋብሪካ

«እሺ» የምትባለው ቃል ሰው ላይ ምን ያህል ጣጣ እንደምታመጣ ያወቅኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት በጣም ጨዋ ቃል ትመስለኝ ነበር። እናቴ ያሳደገችኝ «ሰው ሲያናግርሽ ዝም አትበይ» እያለች ስለሆነ፣ ማንም ምንም ቢለኝ እሺ እላለሁ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ሌላው ሰው ዝም ብሎ ይጠጋል፤ እኔ እሺ ብዬ እጠጋለሁ። ሬዲዮ ላይ «አሁን ወደ ስፖርት ዜና እናልፋለን» ሲሉም እሺ ብዬ አውቃለሁ። ባለቤቴ ምስክር ነው።

የምሠራው አቃቂ፣ አንድ የቆየ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የመለዋወጫ ዕቃ ስቶር ኃላፊ ነኝ፤ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ ጋስኬት፣ ብሎን፤ ስማቸው የጣልያን፣ አቧራቸው የአቃቂ የሆኑ ዕቃዎች ሁሉ በእኔ እጅ ናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ «የሦስት ቁጥር ኩሽኔታ» ብትሉኝ እጄ ራሱ ሄዶ ያመጣላችኋል። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም፤ በኋላ የሠራሁትን ስትሰሙ ቢያንስ አንድ የማውቀው ነገር እንደነበረ እንድታስታውሱልኝ ነው።

ድሮ፣ ድሮ ስል የዛሬ ሁለት ዓመት ማለቴ ነው፣ በፋብሪካችን መልእክት የሚያደርሱት ጋሽ በየነ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ካኪ ካፖርት የማያወልቁ ሰው። አንዱ ክፍል ከሌላው የሚፈልገውን በብጫቂ ወረቀት ይጽፋል፤ እሳቸው ይዘው ይመጣሉ። ታዲያ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አኑረው የሚሄዱ እንዳይመስላችሁ። ይቆማሉ።

«አየሽው?»

«አየሁት፣ ጋሽ በየነ።»

«ማየቱንማ እኔም መንገድ ላይ አይቼዋለሁ። ዕቃው አለ ወይስ የለም?»

«አለ።»

«ማን ይዞት ይሄዳል?»

«ሰው ይላኩና ይውሰዱ።»

«መቼ ይምጡ?»

ይህን ሁሉ ካልመለስኩ በሩ አጠገብ ያለው የእንጨት ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ። ስልክ ባወራ፣ ሥራ የበዛብኝ ብመስል፣ ግድ የላቸውም። በዚያ ላይ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውንም ያመጡ ነበር። «ግርማ ተቆጥቶ ነው የጻፈው፤ ባንቺ ግን አይደለም፤ ጫማው ውስጥ ውሃ ገብቶበት ነው» ይሉኛል። ግርማ እንፋሎት የሚፈላበት የቦይለር ቤት ኃላፊ ነው። ጋሽ በየነ ባይነግሩኝ ኖሮ እኔም ተቆጥቼ እመልስለት ነበር።

እንከን አልነበረባቸውም አልልም። አንድ ጊዜ ሁለት የክፍል ኃላፊዎች ተጣልተው አንዱ ለሌላው የጻፈውን ደብዳቤ ሦስት ቀን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ አሳደሩት። ሲጠየቁ፣ «ሰኞ ብሰጠው ይደባደቡ ነበር፤ ሐሙስ ስሰጠው ግን ሻይ ተጋበዙ» አሉ። ለዚህ ተግሣጽ ተጻፈባቸው። ተግሣጹን ለራሳቸው ያደረሱትም ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ተላላኪ አልነበረንም።

ከዚያ አቶ ዳንኤል መጣ። አዲሱ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት ይዞ መዞር ቀርቷል። ሁሉም መልእክት በስልክ ግሩፕ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው ሥራውን በግልጽ ያውቃል» አለን። አጨበጨብን። ጋሽ በየነም አጨበጨቡ። ስልካቸው በቁልፍ የሚሠራ ትንሽ ስልክ ስለነበረ ግሩፕ ውስጥ መግባት አልቻሉም፤ ወደ በር ተዛውረው ለእንግዳ ባጅ መስጠት ጀመሩ።

መጀመሪያ «አጠቃላይ ሠራተኞች» የሚል ግሩፕ ተከፈተ። ቀጥሎ «ጥገና እና ስቶር»፤ ቀጥሎ «አስቸኳይ»። «አስቸኳይ» ውስጥ ግን ሰው ጠዋት ጠዋት የጽጌረዳ ሥዕል እየለጠፈ «መልካም ቀን» መባባል ስለጀመረ፣ እውነተኛው አስቸኳይ ጉዳይ እንዳይጠፋ «በጣም አስቸኳይ» ተከፈተ። በሳምንቱ ጽጌረዳው እዚያም ገባ። እኔ ስቶር ስለሆንኩ፣ ስቶር ደግሞ ሁሉንም ይመለከታል ስለተባለ፣ ዘጠኝ ግሩፕ ውስጥ አስገቡኝ። ዘጠኙም ውስጥ ሰው ይናገራል። እኔ ደግሞ አመሌን ታውቃላችሁ።

አንዱ «የክበቡ ሻይ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ጻፈ። እሺ አልኩ። በማግስቱ ክበብ ስሄድ ሻይ የምትቀዳው ሴትዮ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ፣ «ሻዩን የምታሞቂው አንቺ ነሽ ተብለናል፤ መቼ ነው የምትጀምሪው?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ሌላው «የሽመና ክፍል መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ያፈሳል» አለ። እሺ አልኩ። ከሥሩ ሦስት ሰው «እናመሰግናለን፣ ስቶር» ብሎ ጻፈ። ከተመሰገንኩ በኋላ እንዴት አይመለከተኝም እላለሁ? ቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ ግማሽ ቀን ዞርኩ።

የባሰው የሰርቪሱ ነው። «የሳሪስ አቦ መስመር ሰርቪስ ዛሬም ዘገየ» ለሚለው እሺ ብዬ ነበር። እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ በዚያ መስመር ሄጄ አላውቅም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን በየጠዋቱ ቁርሴን ሳልጨርስ ይደውሉልኛል። «የት ደረሰ?» ይሉኛል። አላውቅም ማለት አሳፈረኝና ለሾፌሩ መደወል ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት እያንዳንዱን ፌርማታ፣ ማን የት እንደሚሳፈር፣ የትኛዋ ልጅ ሁልጊዜ እንደምታረፍድ አወቅኩ። ለሠራተኞች ስፖርት ውድድር የማልያ ቀለም የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ሰማያዊ አልኩ። ለምን እንደተጠየቅኩ አላውቅም፤ ለምን ሰማያዊ እንዳልኩም አላውቅም።

በዚህ መሃል ስቶሬ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ሃያ አንድ ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ የማገኘውን ኩሽኔታ ዓይኔን ገልጬ ማጣት ጀመርኩ። የሥራ መመዘኛ ቅጽ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋና ተግባርሽ ምንድን ነው?» ይላል። እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። «ዕቃ መረከብና ማስረከብ» ብዬ ጻፍኩ፤ ውሸት መሰለኝ፤ ሰረዝኩት። «ሰርቪስ መከታተል» ብዬ ጻፍኩ፤ ያንንም ሰረዝኩ። ባዶውን ይዤው ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ቅጹን አይቶ ትንሽ አሰበና፣ «እሺ ማለቱን ተይው። እንደ ሰው አውራ ጣት አድርጊ። አውራ ጣት አየሁ ማለት ነው እንጂ እሠራለሁ ማለት አይደለም» አለኝ።

ይህ ምክር እንዴት ደስ እንዳለኝ። በማግስቱ ዘጠኙም ግሩፕ ላይ አውራ ጣቴን እያነሳሁ ዋልኩ። ማንም አልደወለልኝም። ቁርሴን ጨረስኩ። የሰርቪስ ሾፌሩ ብቻ ቅር ብሎት፣ «ምነው ጠፋሽ?» ብሎ ደወለ።

በዚያው ሳምንት ግርማ «ጥገና እና ስቶር» ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የቦይለሩ ውሃ ፓምፕ ማፍሰስ ጀምሯል። ሲሉ ስቶር ካለ ቶሎ ይለወጥ።» ሲል ማለት ፓምፑ ውሃ እንዳያፈስ የሚያግድ ቀለበት ነው፤ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። አለኝ። ከመደርደሪያው አወረድኩት፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩት፣ አውራ ጣቴን አነሳሁና ሰው መጥቶ እስኪወስደው ጠበቅኩ። ብዙ ሰው አውራ ጣት ስላነሳ አንዱ እየመጣ ነው ብዬ ነው።

ግርማ ደግሞ የእኔን አውራ ጣት አይቶ፣ ዕቃው እየተላከለት ነው ብሎ ይጠብቃል።

ከስቶሬ ደጃፍ እስከ ቦይለር ቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። በኋላ ቆጥሬዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት የእግር ኮቴ ሰምቼ ሲሉን ይዤ ተነሳሁ፤ ወደ ክበብ የሚሄድ ሰው ነበር፤ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን ቅር አለኝ፤ «ይኸው ቶሎ ይለወጥ ብሎ ጽፎ ራሱ ይዘገያል» እያልኩ ግርማን በልቤ አማሁት። ለካ እሱም በዚያው ሰዓት እኔን እያማኝ ነው። መጻፍ ይቻል ነበር፤ ግን እሺ ማለት የተውኩ ሰው ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፓምፑ ቆመ፤ ቦይለሩም ውሃ አጥቶ ራሱን ዘጋ። እንፋሎት ሲቋረጥ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ጨርቁ ገና ገንዳው ውስጥ ነበር፤ ለተማሪዎች ዩኒፎርም የታዘዘ ደማቅ ሰማያዊ ጨርቅ። የክፍሉ ኃላፊ ጽጌ ስታወጣው ከፊሉ ሰማያዊ፣ ከፊሉ ዳመና መስሎ ወጣ። ጽጌ ሰው ላይ የምትጮህ ሴት አይደለችም። የጨርቁን ጫፍ ይዛ ቆማ፣ «ይሄን ማን ልጅ ይለብሰዋል?» ብቻ አለች።

ስብሰባ ተጠራን። አቶ ዳንኤል የግሩፑን ጽሑፍ በሙሉ አሳትሞ መጣ፤ ወረቀት ከቀረ ወዲህ ያን ያህል ወረቀት በአንድ ላይ አይቼ አላውቅም። ቀስ ባለ ድምፅ «ይህ መልእክት ማንን ነበር የሚመለከተው?» አለ።

«ስቶርን» አለ ግርማ።

«ጥገናን» አልኩ እኔ። «ይለወጥ ነው የሚለው፤ እኔ አልለውጥም።»

«እሺ፣ አይተው አውራ ጣት ያነሱትን ሰዎች እናንብብና እንጠይቃቸው» አለና ስም ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያው ስም ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የራሱ ስም ነው።

«እኔ እንኳ» አለ ቆይቶ፣ «መልካም ነው ለማለት ነበር።»

«ምኑ ነው መልካሙ?» አለ ግርማ። በቁጣ አይደለም፤ የምር ሊያውቅ ፈልጎ ነው። በመጨረሻ ለእኔና ለግርማ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልን። አልተከራከርኩም። ሲሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ከስብሰባው ስንወጣ ግርማ አጠገቤ ቆመ።

«የት ነበር ያለው?» አለኝ።

«ጠረጴዛዬ ላይ። ጠርጌው ሁሉ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሲለወጥ በደንብ እንዲታይ ብዬ አምፖል ሁሉ ቀየርኩ።»

ሳቃችን መጣ። ግን ጽጌ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ሆና በአጠገባችን ስታልፍ አየናትና መንገድ ለቀቅንላት። ያን ጨርቅ ሁሉ እንደገና ልትሠራው ነው።

«ጋሽ በየነ በድሮ ሥራቸው ላይ ቢኖሩ ሲሉን ራሳቸው ኪሳቸው ከትተው ያመጡልኝ ነበር» አለ ግርማ። «ና ሄደን እንንገራቸው፤ ይስቁብን።» ለእኔም «ና» አለኝ፤ ያን ያህል ሐሳቡ ተበታትኖ ነበር።

በሩ ላይ ስንደርስ ጥበቃው ብቻ ቆሟል። ጋሽ በየነን ስንጠይቀው ግራ ገብቶት አየን።

«ዓርብ ወጡ እኮ። ጡረታ። ግሩፕ ላይ አላያችሁም?»

ስልኬን አወጣሁ። «አጠቃላይ ሠራተኞች» ላይ ማስታወቂያው አለ። «የሥራ ባልደረባችን አቶ በየነ በመጪው ዓርብ በጡረታ ይሰናበታሉ» ይላል። ከሥሩ ከመቶ በላይ አውራ ጣት፣ ጽጌረዳ፣ «መልካም ጡረታ ጋሽዬ»፣ «መቼም አንረሳዎትም»። የእኔም አውራ ጣት አለ። የግርማም አለ። ጋሽ በየነ ግን ግሩፕ ውስጥ የሉም።

«ሽኝት ተደረገላቸው?» አልኩት ጥበቃውን።

«ማን ያድርግላቸው? ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚህ ቆሙ። ካፖርታቸውን አስተኩሰው ነበር የመጡት። ባጆቹን በቁጥር በቁጥር ሰቀሉ። ሰው ሲወጣ ደህና ያምሹ ይላቸዋል፣ እሳቸውም ደህና አምሹ ይላሉ። መጨረሻ ላይ እኔን ሰላም ብለው ወጡ።»

እኔም ዓርብ በዚያ በር ወጥቻለሁ። ደህና ያምሹ ብያቸዋለሁ። ስልኬን እያየሁ።

እሑድ ከሰዓት ከግርማ ጋር ቤታቸው ሄድን፤ አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጫማ ሲያበጁ አገኘናቸው። ቅሬታ አላሳዩንም፤ ያ ደግሞ ባሰብን። ምን ብለን እንደምንጀምር ጠፋን። በመጨረሻ ስልኬን አወጣሁና፣ «ጋሽ በየነ፣ መልእክት ይዤልዎት መጥቻለሁ» አልኩ።

«ከማን?»

«ከብዙ ሰው።»

አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ከሽመና፣ ከማቅለሚያ፣ ከክበብ። ጫማውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። አውራ ጣት ብቻ ያነሳውን ሳልፈው፣ «እሱስ ምን አለ?» ይላሉ።

«ምንም አላለም፤ አውራ ጣት ነው።»

«ይሁን። ስሙን ጥሪው።»

ሁሉንም ስም ጠራሁ። ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ግርማ ተቀበለኝ። ሲያልቅ ጋሽ በየነ መልስ መስጠት ጀመሩ። ለእያንዳንዱ። «ለእሱ፣ እናትየው ከወደቁ ወዲህ ቆመው ሄዱ ወይ በይልኝ። ለእሷ፣ ያንን ክስ እንድትተወው ነግሬያት ነበር፣ ተወችው ወይ በይልኝ።» ግርማ በማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ይጽፋል። ቦታ ሲያልቅበት የእኔንም ሰጠሁት።

ሰኞ ሁለታችን ፋብሪካውን በእግር ዞርን። የጠዋቱ ሻይ ዕረፍትም የምሳውም ሰዓት አልበቃንም። ያን ቀን ያየሁትን ነገር በዘጠኙ ግሩፖች ውስጥ አይቼው አላውቅም። ሽመና ክፍል አንዱ ሰውዬ ማሽኑን አቁሞ፣ «ስለ እናቴ ጠየቁኝ?» አለ። ክበብ ያለችው ሴትዮ ለሁለታችንም ሻይ ቀዳችልን፤ ትኩስ ነበር። መጨረሻ ማቅለሚያ ክፍል ደረስን። ጽጌ ግሩፑ ላይ የለጠፈችው አንዲት ጽጌረዳ ብቻ ነበር።

«ጋሽ በየነ ልከውናል» አልኳት። «ልጅሽ ያ የጉልበቱ ሕመም ተሻለው ወይ ብለውሻል።»

ጽጌ ጓንቷን አወለቀች። የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀመጠችና ሰማያዊ እጇን እያየች፣ «ተሽሎታል። አሁን ኳስ ይጫወታል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ቤታቸው የት ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። እሷ ለሌላ ነገረች፤ ያ ደግሞ ለሌላ። ግሩፕ ላይ ማንም አንድ ቃል አልጻፈም።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርተን ስንወጣ ከፋብሪካው በር እስከ ድሮው ባቡር ጣቢያ ባጃጅ ጠፋ። ሰው በእግሩ ሄደ። ግቢያቸው ጠቦ ጎረቤት አጥሩን ከፈተልን። የሽመናው ሰውዬ እናቱን ይዟቸው መጣ። የሰርቪስ ሾፌሩ ሚስቱን ይዞ መጣና፣ «በየጠዋቱ ትደውልልኝ የነበረችው ይህች ናት» ብሎ አስተዋወቀኝ፤ ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ሰው ተቀምጦ ጨዋታው ሞቅ ካለ በኋላ አቶ ዳንኤል ብቻውን መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ይሄን ሁሉ ሠራተኛ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይቅርታ፣ ዘገየሁ» አለ። «ግሩፕ ላይ አላየሁትም። አሁን ጥበቃው ነግሮኝ ነው።»

ጋሽ በየነ ተነሱ። ሥራ ቦታ «እርስዎ» እንጂ ሌላ ብለውት አያውቁም ነበር። በርጩማ አንስተው አጠገባቸው አስቀመጡለት።

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉት። «ሰው ነግሮህ መጣህ አይደል።»